ዝም ያሉ ፍሬኖች

ሰው በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ጥብቅ ያለ የብስክሌት ቁምጣ አይለብስም። ይህን ባለቤቴ ነግራኝ ነበር፤ ሚስቱን የሚሰማ ሰው ብሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጉድ አይመጣም ነበር። ቁምጣው ከበስተኋላው ወፍራም ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "አይ አንተ ሰው! የሽንት ጨርቁ ያልተቀየረለት ሕፃን መስለሃል እኮ" አለች።

"የሙያው ልብስ ነው" አልኳት።

"የማን ሙያ?"

እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ብስክሌት ጠግኛለሁ፤ በብስክሌት ግን ከገበያው አደባባይ አልፌ አላውቅም። ምግብ አብሳይ ሁሉ በላተኛ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ሰፈሩ "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ እኔ ራሴ አምኜ አረፍኩት። ሰው ሲጠራኝ ቀና ብዬ፣ መነጽሬን አውልቄ፣ "ምኑን ነው ያመመው?" እስከማለት ደርሼ ነበር።

የሱቄን ሕግ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ሥራ ያበላሸ ሰው፣ ያበላሸውን ዕቃ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቅላል። ከሥሩ በካርቶን ቁራጭ ስሙ ይጻፋል። የተጣመመ ፔዳል አለ፣ "ቀጮ" ይላል። የተበጠሰ ካቴና አለ፣ "ነገ-ነገ" ይላል፤ ነገ እሠራዋለሁ እያለ ስድስት ወር ደመወዝ የበላኝ ሠራተኛ ነበር። እና አንድ የተጣመመ ቸርኬ አለ፣ "ሚጣ" ይላል። ሚጣ ልጄ ናት፤ ስትሰቅለው አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። "ዶክተር" የሚል ካርቶን ግን የለም። ደንበኛ በገባ ቁጥር፣ "ተመልከት፣ በሠላሳ ዓመት አንድም!" ሳልለው አልሸኘውም። ስለዚያ ቸርኬ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ድፍረቱ የለኝም።

ሚጣ ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እጇ ከእኔ እጅ ይሻላል፤ ይህን ለሷ ነግሬያት አላውቅም። ሱቁን ትረከበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ትምህርቷን ጨርሳ ተራራ ለተራራ በብስክሌት እንግዳ የሚያስጎበኝ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። አኮረፍኩ። "የገዛ አባቷ ሱቅ እያለ የሰው ብስክሌት ትወለውላለች" እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ አማኋት። ሱቅ ስትመጣም ከበሩ አታልፍም፤ ቆማ አውርታኝ ትሄዳለች። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ አልፈው ነበር።

በዚያ ድርጅት አንዱ ከፊት ይመራል፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ የደከመውን ይሰበስባል። የኋላውን "ጭራ" ይሉታል። ሚጣ ሁለት ዓመት ጭራ ነበረች። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ልትመራ ነው። አለቃዋ ራሷ ጭራ ሆና ቀኑን ሙሉ ልታያት፣ ያየችውንም ልትጽፍ ነው። ቀኑ በሰላም ከዋለ የሚጣ መሪነት ይጸድቃል፤ ካልሆነ ገና ሌላ ዓመት ጭራ። ችግሩ፣ አራት እንግዳ ካልሞላ ጉዞው አይወጣም፤ አንዱ ደግሞ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀረ።

ሐሙስ ዕለት ሱቄ በር ላይ መጥታ ቆመች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ሥራ አለህ?"

"ምነው?"

"ተራራ ትወጣልኛለህ? አንድ ሰው ጎደለኝ።"

አይ እኔ! አፌን በቆረጠው። "ተራራ? ለእኔ? ተራራ ማለት እኮ ለእኔ..." ብዬ ጀምሬ፣ ለእኔ ምን እንደሆነ ስላላገኘሁት በእጄ አየሩን ቀዘፍኩ።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለች፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። "አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። ምንም ነገር እንዳትነካ። መፍቻ የለም፣ ዘይት የለም። አንተ እዚያ እንግዳ ነህ።"

"ምን እነካለሁ?"

"አባዬ!"

"አንቺ ትሙቺ፣ አልነካም!" አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ግርጌ ባለው የድርጅቱ ግቢ ተሰበሰብን። እንግዶቹ አራት ነን። አንዷ ነርስ ናት፤ አንዱ የሒሳብ መምህር፤ ሦስተኛው፣ ዕድሌ ሆኖ፣ የሰፈራችን ፀጉር ቆራጭ ነው። ቦርጭ ለመቀነስ ብሎ ከወር በፊት ተመዝግቦ ኖሯል። እሱ የሰማውን ነገር ሰፈሩ ለመስማት አንድ ፀጉር የመቆረጥ ጊዜ ይበቃዋል። አለቃዋ አጠር ያለች፣ ማስታወሻ ደብተር በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። እጄን ጨብጣ፣ "የሚጣ አባት እርስዎ ነዎት? ልጅዎ እጇ ወርቅ ነው" አለችኝ። "ከማን ወስዳው" አልኩ። ጉረኛ!

ሚጣ ስድስቱን ብስክሌቶች አንድ በአንድ አወጣች። እያንዳንዱን ፍሬኑን ጨብጣ ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ ፍሬኑ "ሲጢጥ!" ይልና ይይዛል። ጎማ አየች፣ ካቴና አየች፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ሁሉም ሰው የራስ ቁር ሊለካና ሊፈርም ወደ ቢሮው ገባ። እኔ ቀድሜ ስለፈረምኩ ግቢው ውስጥ ከስድስት ብስክሌት ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ያ "ሲጢጥ" ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አለቃዋ ፊት፣ በልጄ ቀን፣ ብስክሌቱ ሁሉ እንደተረገጠ ድመት ሲጮህ ይዋል? እኔ አባቷ፣ ዶክተሩ፣ እያለሁ? በሕይወቴ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር የሚጮህ ነገር ሁሉ ዘይት እንደሚፈልግ ነው። ሌላው ሰው መሐረብ እንደሚይዝ እኔ ትንሽ የዘይት ጣሳ በኪሴ እይዛለሁ። ያ የተረገመ ቁምጣ እንኳ ኪስ ነበረው።

የእኔ ዘመን ፍሬን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጥ ላስቲክ ነው። እነዚህ ግን ጎማቸው መሐል ላይ የተበሳሳ የብረት ሳህን አላቸው፤ ዲስክ ይሉታል። እንዲህ ያለ ብስክሌት ሱቄ ገብቶ አያውቅም። ለሰው፣ "እሱ የቅብጠት ነገር ነው" እላለሁ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? አሥራ ሁለቱን ዲስክ ከዚህም ከዚያም ጠብ፣ ጠብ አድርጌ፣ በጣቴ አዳርሼ፣ ትርፉን በጥንቃቄ ጠረግሁ። ጎማዎቹን አሽከርክሬ ፍሬኑን ነካ ባደርገው፣ ጭጭ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ልጄ ሳታውቅ ያደረግሁላት ውለታ ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ከግቢው በር ጀምሮ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ፍሬን የሚነካ የለም፤ በተለይ እኔ፣ የቆምኩ እየመሰለኝ ነበር የምሄደው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሼ ከእኔ ቀድሞ እየሄደ ነበር። ነርሷ አጠገቤ መጥታ፣ "አባባ፣ ደረትዎን ያምዎታል?" አለችኝ። አባባ! በአሥር ዓመት ብበልጣት ነው። "የለም፣ አየሩን እያጣጣምኩ ነው" አልኳት። መምህሩ በበኩሉ እስከ ጫፉ ስንት ጊዜ ፔዳል መምታት እንደሚቀረን አስልቶ ነገረን፤ ቁጥሩን ስሰማ መምህሩን መምታት አማረኝ። ፀጉር ቆራጩ፣ "ዶክተር፣ በርታ! ሰፈሩ ይጠብቅሃል!" እያለ ከፊቴ ይስቃል።

ሚጣን ግን ባያችኋት። ከፊት ሆና በየመታጠፊያው ዞር ብላ በዓይኗ ትቆጥረናለች። ማን ውኃ እንደጨረሰ ታውቃለች፤ ማን አፍሮ ሳይናገር እንደደከመም ታውቃለች። አንዴ እኔ ልወድቅ ስል፣ "እዚህ ቆመን ዕይታውን እንይ" አለች። ዕይታው ጭጋግ ብቻ ነበር። ገባኝ፤ አባቷን እያሳረፈች ነው። ሁለት ዓመት ያማኋትን ሁሉ አስታውሼ ውኃዬን ጎንጨት አልኩ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ከመጨረሻው ዳገት በፊት አንዲት አጭር ቁልቁለት አለች። ሚጣ ቆማ፣ "እዚህ ፍሬን አትንኩ፣ ዝም ብላችሁ ልቀቁት፤ ማዶ ያለው ዳገት ራሱ ያቆማችኋል" አለች። ሄደች፣ ተከተሏት፤ እንደ ሕፃን እየጮሁ ወርደው ማዶ ቆሙ። የፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ገና ሲጀምር ሁለቱንም ፍሬን ግጥም አድርጌ ጨበጥኩ። ምንም! እጄ ውስጥ ያለው ነገር ከብስክሌቱ ጋር የተጣላ ይመስል ምንም! መሪው ከእጄ አመለጠና ቁጥቋጦ ውስጥ በአፍንጫዬ ገባሁ። ስፖንጁ የጠቀመው ያኔ ነው፤ እሱም ከተገለበጥኩ በኋላ።

እዚያው እንደተጋደምኩ ዲስኩን አየሁት። እያብረቀረቀ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ጭንቅላቴ ያኔ ነው የነቃው። ፍሬን እኮ የሚይዘው በመፋተግ ነው! የሚፋተግ ነገር ላይ ዘይት የሚያፈስ ምን ዓይነት ዶክተር ነው?

"ምን ሆንክ አባዬ?" አለች ሚጣ፣ ሮጣ መጥታ።

"ድንጋይ ነው" አልኩ።

ድንጋይ! ወይ እኔና ድንጋይ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት የወጣሁት በእግሬ አይደለም፣ በጭንቀቴ ነው። ነፋሱ ያደርቀው ይሆናል እላለሁ። የእኔን ብቻ ይሆናል ያበዛሁት እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጫፉ ላይ ስንደርስ እነግራታለሁ፣ ከሰው ለይቼ በጆሮዋ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን ውሳኔዬን ሁሉ እንዴት እንደጠበቅሁ አይታችኋል።

ጫፉ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ደመናው ከእግራችን በታች ነው። ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በአንድ ወገኑ ገደል አለው፤ ታቹ አይታይም። ሚጣ ሁላችንን በተርታ አቆመችን።

"ከመውረዳችን በፊት ሁላችሁም ፍሬናችሁን ጨብጣችሁ ወደ ፊት ግፉ።"

ፀጉር ቆራጩ ጨብጦ ገፋ፤ ብስክሌቱ ይዞት ሄደ። "እንዴ! ይኼ ነገር አይዝም እኮ" አለ። የነርሷም አይዝም። የመምህሩም። የአለቃዋም። ሚጣ የራሷን ሞከረች፤ አይዝም። ተንበርክካ ዲስኩን በጣቷ ነካችና ጣቷን አሸተተች። ያ ሽታ ከተወለደች ጀምሮ በቤታችን ፎጣ፣ በእጄ፣ በአንሶላው ሳይቀር የኖረ ሽታ ነው። ቀና ስትል ወደ እኔ ታያለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አላየችኝም።

"ብስክሌቶቹን ማን ነው የፈተሸው?" አለች አለቃዋ።

"እኔ።"

"ወረቀቱ ላይ የፈረመውስ?"

"እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ሚጣ።

አለቃዋ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። ነርሷ፣ "ሰው ያልቅ ነበር እኮ! እንዴት ሳታዪው?" ብላ ጮኸችባት። ፀጉር ቆራጩ ደግሞ ሊያጽናናን ብሎ፣ "ግድ የለም፣ ደግነቱ ዶክተር አብሮን ነው፣ የልጁን ስህተት ያስተካክላል" አለ። እና እኔ፣ አባት ተብዬው፣ ዝም አልኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅሁ።

አሁን ስለዚያ ቸርኬ ልንገራችሁ። የፖስተኛው ቸርኬ ነበር። ሚጣ ለሁለት ቀን ተቀምጣ፣ ሽቦ በሽቦ እያጠበቀች እንደ ሳንቲም ክብ አድርጋ አቃናችው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው! እኔ ግን ያለ እኔ እጅ ሥራ አያልቅም ብዬ፣ እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትንሽ ጠበቅ፣ አሁንም ትንሽ ጠበቅ ሳደርገው፣ ቸርኬው ተጣመመ። ፖስተኛው ሲመጣ ምን አልኩት? "ልጅቷ ናት፣ ገና እየተማረች ስለሆነ ይቅርታ።" ማታ ስትመጣ ሥራሽ ተበላሸ ብዬ በገዛ እጇ አሰቀልኳት። አላለቀሰችም። ጥፋቷን አምና ነው አልኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አይጧም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ "በሠላሳ ዓመት አንድም!" እያለች ስትፎክር ኖረች።

"አንቺ ትሙቺ" ብዬ የማልኩት ትዝ አለኝ። ከፊት የምትሄደው፣ ቀድማ ቁልቁል የምትለቀው እሷ ነበረች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ነፋሱ በላው። "ምን አልክ?" አለ ፀጉር ቆራጩ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

"እኔ ነኝ አልኩ እኮ! ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ! እሷ ፈትሻ ጨርሳ ነበር! አትንካ ብላኝ ነበር!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አለቃዋ እስክሪብቶዋን አየር ላይ እንደያዘች፣ "ዘይት? የፍሬን ዲስክ ላይ?" አለች።

"አዎ።"

"ይቅርታ፣ የእርስዎ ሙያ ምንድነው?"

"የብስክሌት ዶክተር ነው" አለ ፀጉር ቆራጩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ያ ሁሉ ገደል አጠገቤ እያለ አንዱም አልተባበረኝም።

ሚጣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ሲስተር፣ ቦርሳሽ ውስጥ አልኮል አለ?" አለች። ነበረ። ዲስኮቹን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ነርሷና መምህሩ እንዲያጥቡ አደረገች። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው የሚይዙትን የፍሬን ሸራዎች ራሷ ፈትታ፣ "አባዬ፣ ና" አለችኝ። ሸካራ ድንጋይ አሳየችኝና ሸራውን እንዴት እንደምፈትግ እጄን ይዛ አሳየችኝ። "አትጫነው። ዘይት የጠጣው ፊቱ ብቻ ይነሣ።" ሃያ አራት ሸራ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ፈተግን።

"ሚጣዬ" አልኩ፣ ስድስተኛው ላይ። "ያ የፖስተኛው ቸርኬ..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ደብተር ረስቼ ተመልሼ ነበር። በበሩ ክፍተት አየሁህ፤ ስታጠብቀውም፣ ሲጣመምም፣ ስትደነግጥም።"

እጄ ቆመ። "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"አንተ እስክትናገር እየጠበቅሁ ነዋ" አለች፣ ሸራዋን እያገላበጠች። "ሱቁን ጠልቼው እንዳይመስልህ። በገባሁ ቁጥር ያ ምስማር ያየኛል።"

አለቀስኩ። ብርዱ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ለአንድ ቀን ድንጋዩ ይበቃኛል። "ይቅር በይኝ ልጄ" አልኳት። "ፈትግ" አለችኝ።

ሸራዎቹ ተመልሰው ሲገቡ፣ እያንዳንዱን ብስክሌት ጨብጣ ገፋች። "ሲጢጥ!" አለ የመጀመሪያው። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ገደላማውን ግማሽ በእግራችን እንድንወርድ አዘዘች፤ የቀረውን በቀስታ እየጋለብን ወረድን። ግቢው ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር።

አለቃዋ ደብተሯን ገልጣ፣ "ፈትሸሽ ሩብ ሰዓት ያለ ጠባቂ ትተሻቸው ገባሽ፤ ይኼ ጥፋት ነው" አለቻት።

"ነው" አለች ሚጣ።

"ጫፉ ላይ ፍሬን ሳይፈተሽ አንድም ሰው እንዳይወርድ አደረግሽ። ያ ባይሆን ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከፊት ነሽ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ ግን፣ አባት፣ ከዚህ በር ወዲህ ኪስዎ ተፈትሾ ነው የሚገቡት።"

ሰኞ ሱቄን ስከፍት ፀጉር ቆራጩ ሥራውን ጨርሶ ነበር። የሚያልፈው ሁሉ፣ "ዶክተር፣ ዘይት አለ?" ይለኛል። አንዱማ የበሩ ማጠፊያ ስለሚጮህበት እንድመጣለት ጠየቀኝ። የዘይት ጣሳዬን ምስማር መትቼ ሰቀልኩት፤ ከሥሩ በካርቶን "ዶክተር" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የሚጣን ቸርኬ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጣሁ።

"ተወው" አለ ድምፅ።

ሚጣ ናት። በሩ ላይ ቆማለች።

"እንዳታወርደው። ስሙን ብቻ ቀይረው።"

ካርቶኑን አወረድኩ፣ ገለበጥኩት፣ በጀርባው ስሜን ጻፍኩ። ወንበሩ ላይ ቆሜ ስለጻፍኩት ጽሑፌ የሕፃን ይመስል ነበር። ሰቅዬው ስዞር ልጄ ከበሩ አልፋ ገብታለች። ጥግ የቆመውን የደንበኛ ብስክሌት አንሥታ ፍሬኑን ጨበጠችው። ጮኸ። ሁለታችንም ቀና ብለን የተሰቀለውን ጣሳ አየን።

"እንዳትነካው" አለችኝ።

አልነካሁትም።